ያልታወቀ አርቲስት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ዘፈን የምትሰሙበትን ማጫወቻ ማን መረጠላችሁ? አብዛኞቻችሁ «ኧረ ማንም! ስገዛው አብሮት ነበረ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ለብዙ ሰው ዘፈን ማጫወቻ ማለት እንደ በር እጀታ ነው። ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ አለቀ። የበር እጀታ አይቶ ቤት የተከራየ ሰው ደግሞ እስከዛሬ አልገጠመኝም።

ሊኑክስ በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ለምንጠቀም ሰዎች ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። አብሮ የሚመጣ ማጫወቻ አለ፤ ከጎኑ ግን ሌላ ሃያ ምናምን ተደርድሮ «እኔን! እኔን!» ይላል። ሁሉም ያለ ክፍያ። ሰርግ ቤት ቡፌ ፊት ሳህን ይዞ የቆመ ሰው ታውቃላችሁ አይደል? ክትፎው አለ፣ ጥብሱ አለ፣ ዶሮው አለ፤ ሰውየው ግን ሰላጣ ይዞ ይመለሳል። ምርጫ ሲበዛ እጅ ይፈዛል።

እኔ ማጫወቻ ስመርጥ ሁለት ወር ፈጀሁ ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ። ጉዳዩ የዘፈን ብቻ አይደለም፤ የሰው ስም አለበት።

በመጀመሪያ ስለዚህች «ነጻ» ስለምትባል ቃል ትንሽ ላውራ። ቃሏ ሰምና ወርቅ አላት። «በነጻ ነው» ስንል ገንዘብ አይከፈልበትም ማለታችን ነው፤ ሰሙ ይሄ ነው። «ነጻ ሰው» ስንል ግን በላዩ ላይ ጌታ የሌለበት ማለታችን ነው፤ ወርቁ ይሄኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የነጻ ሶፍትዌርን ንቅናቄ የጀመረው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ዕድሜውን ሙሉ ሲያስረዳ የኖረው ወርቁን ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች፣ «በእኛ» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ ናቸው።) የሶፍትዌሩ ምንጭ ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ የሥርዓቱን እምብርት ሠራ፤ ሊኑክስ የሚለው ስምም ከእሱ መጣ። በ2004 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ለተራው ሰው የሚመች አድርጎ «ኡቡንቱ» ብሎ አቀረበው። ስሙ ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው፤ «ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው» እንደማለት። እኛ አገር ደቦ የምንለውን የሚያውቅ ሰው ሐሳቡን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ኩባንያው እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በዓለም ዙሪያ ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ ያለ ክፍያ ይልክ ነበር። እኔም ዘንድ በጓደኛ በኩል አንዱ ደረሰና አሮጌ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩት። ሁሉ ነገር ሠራ፤ ዘፈን ብቻ እምቢ አለ። ለካስ ኤምፒ3 የሚባለው የዘፈን አቀማመጥ የፓተንት ባለቤቶች ስላሉት፣ የኡቡንቱ ሰዎች መክፈቻውን ከሲዲው ጋር አላሰሩትም። «ከኢንተርኔት አውርዱ» ይላል። በዚያ ዘመን ኢንተርኔታችን በስልክ መስመር እየተነፋነፈ የሚሄድ ነበርና፣ ነጻ ሲዲ ይዤ ዘፈን አልባ ሆኜ ሰነበትኩ። የኤምፒ3ን ፈቃድ ሲሸጥ የኖረው የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም በሚያዝያ 2017 ፈቃድ መስጠቱን አቆመ፤ የፓተንቱ ዘመን አበቃ። ዛሬ ይሄ ጣጣ የለም።

ወደ ማጫወቻዎቹ ልመለስ። የነጻ ሶፍትዌር ዓለም የራሱ አንቀጽ 39 አለው። በቤቱ ያልተስማማ ወገን ምንጩን ይዞ እስከ መገንጠል መሄድ ይችላል! ግን እንዳትሰጉ፣ ድንበር አይካለልበትም፤ የሚሄደውም ሙሉውን ይዞ ይሄዳል፣ የሚቀረውም ሙሉው ይቀርለታል። አማሮክን ተመልከቱ። በ2003 የተጀመረ፣ ብዙ ሰው የወደደው ማጫወቻ ነበር። በ2008 መጨረሻ አሠሪዎቹ «አማሮክ 2» ብለው ቤቱን ከመሠረቱ አፍርሰው ሠሩት። ነባሮቹ ተጠቃሚዎች ሲገቡ የለመዱት ወንበር ቦታው የለም። ታዲያ አኩርፈው አልቀሩም። የድሮውን አማሮክ መሠረት አድርገው ክሌመንታይን የሚባል ማጫወቻ ሠሩ፤ የመጀመሪያው እትሙ በ2010 ወጣ። ክሌመንታይን በተራው ሲቀዘቅዝ በ2018 ስትሮቤሪ ተገነጠለ። አማሮክ ራሱ ደግሞ ለዓመታት ድምፁ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ2024 «3.0» ብሎ ብቅ አለ። ባለቤቱ «በቃኝ» ሲል አብሮ የሚሞተውን የኩባንያ ሶፍትዌር ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ኦዴሺየስም እንዲሁ የዘር ሐረግ አለው። በ1997 የተጀመረው ኤክስኤምኤምኤስ አያቱ ነው፤ አባቱ ቢፕ ሚዲያ ፕሌየር ይባል ነበር፤ እሱ በ2005 ተወለደ። የቀድሞ የኢንተርኔት ካፌ ልጆች ዊንአምፕን ትዝ ይላችኋል? ያቺ ትንሽ ጥቁር ሳጥን፣ አረንጓዴ ቁጥር የምትቆጥረው? ኦዴሺየስ የዊንአምፕን ልብስ ሳይቀር መልበስ ይችላል። ሹም ሽርም አለ። ኡቡንቱ ውስጥ ሪትምቦክስ የሚባለው ማጫወቻ ተሹሞ ሲኖር፣ በ2011 ተሽሮ ባንሺ ተተካ። ዓመት ሳይሞላው፣ በ2012 ሚያዝያ፣ ሪትምቦክስ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የባንሺ ልማት ከዚያ በኋላ ቆሞ ቀረ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያወራሁት ምርጫው እንዴት እንደሚያደናግር እንድታዩልኝ ነው። አሁን የእኔን ጉዳይ ልንገራችሁ።

አጎቴ ሳክስፎን ይነፉ ነበር። በደርግ ዘመን፣ በሰዓት እላፊ ምክንያት ሆቴል ገብቶ ያመሸ ሰው እስኪነጋ መውጣት በማይችልበት ጊዜ፣ ከምሽት እስከ ንጋት የነፉ ሰው ናቸው። ዛሬ ጥርሳቸውም ሳምባቸውም ለሳክስፎን አይሆንም። የቀራቸው አንድ ካርቶን ካሴት ነው። ክሩ ሳይበጣጠስ ወደ ኮምፒውተር ላስገባላቸው ተነሳሁ። ነገሩ ከባድ አይደለም። የካሴት ማጫወቻውን በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘትና ኦዳሲቲ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር መቅዳት ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት ሳይጨመቅ ሲቀዳ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ ድምፁን ሳይቀንስ በሚያጥፈው ፍላክ በተባለው አቀማመጥ ግማሽ ገደማ ይሆናል፤ በተለመደው ኤምፒ3 ደግሞ 60 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። እኔ ፍላኩን መረጥኩ። ካሴቱ ሁለተኛ የመቀዳት ዕድል ላይኖረው ይችላልና።

ከዚህ ሌላ በየጊዜው ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ ያስሞላሁት፣ ከዘመድ የተቀባበልኩት ብዙ ዘፈን ነበረኝ። ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌ በሪትምቦክስ ስከፍተው ከግማሽ በላዩ በአንድ ስም ሥር ተኮለኮለ። «ያልታወቀ አርቲስት» ይላል። የዘፈኑ ርዕስ ደግሞ «ትራክ 07»።

አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር። አንዱን «ትራክ» ነካሁት። መግቢያው አራት ምት ሳይሞላ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ!»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«የገዛ ትንፋሼን አላውቅም? እዚች ጋ ስደርስ ትንሽ ቸኩያለሁ፤ ስማ... አየህ?» ዘፈኑ እስኪያልቅ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ምንድነው የሚለው?»

ነገርኳቸው።

«ማነው ያልታወቀው?» አሉ። «ይኸው አጠገብህ ተቀምጧል አይደል እንዴ አንተ ልጅ!»

እየሳቁ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማጫወቻ የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ። የእሳቸውን ስም የት ነው የማስቀምጠው?

የድሮ ካሴት ገዝታችሁ ከሆነ ሽፋኗን ታስታውሳላችሁ። ከፊት የዘፋኙ ፎቶ፤ ወረቀቷን ስትዘረጓት ውስጧ በደቃቅ ፊደል ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ድራም፣ ሳክስፎን እያለ የተጫዋቹ ሁሉ ስም ይወርዳል። ካሴቱ ፋይል ሲሆን ዘፈኑ ተሻገረ፣ ወረቀቷ ቀረች። ከወረቀቷ ጋር ስንት ሰው እንደቀረ ቁጠሩት።

ፋይሉ ውስጥ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም ማለት አይደለም። አለ፤ መለያ ይባላል። ችግሩ መለያውን የፈጠሩት ሰዎች እኛን አስበው አለመሥራታቸው ነው። በ1996 የመጣው የመጀመሪያው የኤምፒ3 መለያ ለርዕስ የሚሰጠው ቦታ 30 ባይት ነበር። የላቲን ፊደል አንዱ አንድ ባይት ይበቃዋል። የእኛ ፊደል ግን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ዛሬ በተለመደው አጻጻፍም እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በግድ እንጠቅጥቀው ብትሉ እንኳ አሥር ፊደል ሲሞላ ቦታው ያልቃል! የዘፈን ዓይነትም 80 አስቀምጠው ነበር፤ ሮክ አለ፣ ጃዝ አለ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚል ግን የለም። ሁለተኛው መለያ፣ በ1998 የመጣው፣ ይሄን ሁሉ አስተካክሏል፤ ፊደላችንን ይቀበላል፣ በዘፈን ዓይነት ቦታ ላይም የፈለጋችሁትን እንድትጽፉ ይፈቅዳል። ስለዚህ ዛሬ «ባቲ» ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አይከለክላችሁም። የሚጽፍ ሰው ነው የጠፋው።

ማጫወቻዎቹን በዚህ ዓይን መዘንኳቸው። ኦዴሺየስ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ሁለት ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንኳ አያቃስትም። ግን ሥራው ማጫወት ነው፤ ስም አዋቂ አይደለም። ቪኤልሲ፣ በ1996 በፓሪስ ተማሪዎች የተጀመረው፣ ምንም ብትሰጡት ይከፍታል፤ ቤተ መጻሕፍት እንዲሆን ግን አልተሠራም። ሪትምቦክስ ንጹሕና ጨዋ ነው፤ ዘፋኝ፣ አልበም፣ የዘፈን ዓይነት ብሎ በወግ ይደረድራል፤ ከዜማ ደራሲ አልፎ ግጥም፣ ቅንብር፣ ሳክስፎን የሚል ቦታ ግን የለውም። ስትሮቤሪ ይሻላል፤ የዜማ ደራሲም የተጫዋችም ቦታ አለው። ሰብሳቢ ለሆነ ሰው እመክረዋለሁ።

እኔ ያረፍኩት ግን ኩዎድ ሊቤት ላይ ነው። ስሙ የላቲን ነው፤ «ደስ ያለህን» ማለት ነው። መልኩ አያምርም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ይመስላል። ነገር ግን የፈለጋችሁትን መለያ እንድትጨምሩ ይፈቅዳል። ግጥም ጸሐፊ ለብቻ፣ አቀናባሪ ለብቻ፣ ተጫዋች ከነመሣሪያው። የቦታው መጠሪያ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ውስጡ የሚገባው ስም በገዛ ፊደላችን። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ማስገባትም ይቻላል። የአንድ አልበም ዘፈኖችን በአንድ ጊዜ መርጣችሁ ማረምም እንዲሁ።

እዚህ ጋ የራሳችን ፊደል የሚያመጣውን ጣጣ ሳልነግራችሁ አልለፍ። ጥላሁን ገሠሠን አንዱ ፋይል በንጉሡ «ሠ» ጻፈው፣ ሌላው በእሳቱ «ሰ»። እኛ ስናነበው አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ዘፋኞች ናቸው። በላቲን ፊደል የተጻፉት ሲጨመሩ ደግሞ አራትና አምስት ጥላሁን ይወጣል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» የሚባሉማ ዘፋኞች ቢኖሩ ስንት ቦታ እንደሚበተኑ አስቡት። መድኃኒቱ አንድ ነው። አንድ አጻጻፍ ይዞ እስከ መጨረሻው መጽናት።

ሌላው ትልቅ ነገር የጻፋችሁት ስም የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ማጫወቻዎች ሁሉ የራሳቸው ጓዳ አላቸው። ለምሳሌ ሪትምቦክስ ውስጥ ለወደዳችሁት ዘፈን የምትሰጡት ኮከብ የሚቀመጠው በራሱ መዝገብ እንጂ በዘፈኑ ፋይል ውስጥ አይደለም። ኮምፒውተሩ ከተበላሸ ወይም ማጫወቻ ከቀየራችሁ ኮከቡ ተከትሏችሁ አይመጣም። ኮከብ ይቅር፣ ምንም አይደል። ስም ግን ማጫወቻው ጓዳ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ፋይሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። ማጫወቻ አላፊ ነው፤ አማሮክን አይተናል፣ ባንሺን አይተናል። ፋይሉ ግን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ስሙን ይዞ ይዙር።

አንድ የእህቴ ልጅ ይሄን ስሠራ አይታኝ «ጋሼ ደግሞ! ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አለ። ኔትወርክ ሲኖር፣ መብራት ሲኖር፣ የጫነው ሰው እስካላነሳው ድረስ አለ። ግን እዚያም ሄጄ ያንኑ ዘፈን ፈለግኩት። የዘፋኙ ስም አለ፣ የጫነው ሰው ስም አለ፤ የነፋው ሰው ስም የለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ይሄኛው እንኳ በእኛ 1996 ነው፣ ሥራ አመንጪውንም ከዋኙንም ባለመብት ብሎ ያውቃቸዋል። አዋጁ ግን እቤታችሁ ገብቶ ፋይላችሁ ላይ ስም አይጽፍላችሁም። ያንን የሚያደርገው አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው የጠየቀ ሰው ነው።

እና ማጫወቻ ስትመርጡ በመልኩ አትያዙ። ፊደላችንን ያሳያል ወይ? ከዘፋኙ ኋላ ለቆሙት ሰዎች ቦታ አለው ወይ? የጻፍኩትን ፋይሉ ላይ ያስቀምጣል ወይስ ጓዳው ይከተዋል? ለነዚህ ሦስቱ «አዎ፣ አዎ፣ ፋይሉ ላይ» ካለ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን ውሰዱት። የበለጠ የሚያስቸኩለው ግን ማጫወቻው አይደለም። ማጫወቻ ነገም ይወርዳል። በአራት ምት «ይሄ እኔ ነኝ» የሚሉት ሰዎች ናቸው የማይጠብቁት።

ከአጎቴ ጋር በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ አንድ ካሴት እናወጣለን። እሳቸው ያዳምጣሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቤዙን የመታው እገሌ፣ ከበሮው ላይ የነበረው እገሌ፣ እሱ አርፏል፣ ያኛው አሜሪካ ነው ያለው። አንዳንዴ ስም ሲጠፋባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ጣታቸው ነው የሚያስታውሰው። ባለፈው እሑድ አንድ ዘፈን ላይ ትራምፔቱን የነፋው ማን እንደሆነ እምቢ አላቸው። «ልጅ እግር ነበር፣ ከጦሩ ኦርኬስትራ ነው የመጣው፣ ሦስት ወር አብሮን ሠርቶ ሄደ» አሉ። ቦታውን ባዶ ላደርገው አልፈለግኩም። በፊደላችን «ይጠየቅ» ብዬ ጻፍኩበት።